አምበላችን ኳስ አታቀብልም

ጋዜጣ ከኋላ ገጽ ጀምሮ የሚነበብበት ጊዜ ነበር። የፊተኛው ገጽ ላይ ሁሉም ነገር እንደታቀደው ነው፤ ምርት ጨምሯል፣ እንግዳ መጥቶ ተሸኝቷል፣ ስብሰባ ተከፍቶ በጭብጨባ ተዘግቷል። የኋላው ገጽ ላይ ግን ሰው ይሸነፋል። ግብ ጠባቂ ኳስ ያመልጠዋል፣ ዳኛ ይሳሳታል፣ አሰልጣኝ ይወቀሳል። በአገሩ ላይ «እገሌ አጠፋ» ተብሎ ሲጻፍ ማንም የማይደነግጥበት ገጽ እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው በፋብሪካችን ምሳ ቤት ጋዜጣው ሲመጣ የኋላው ገጽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወጥ በወጥ የሚሆነው፣ የፊተኛው ግን እንደታጠፈ የሚቀመጠው።

የቅርጫት ኳሱን ዓምድ የሚጽፉት ሰውዬ ሽማግሌ አልነበሩም፤ ግን አንቱ ያሰኛሉ። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ጨዋታ ላይ አይቀመጡም፤ ከቅርጫቱ ጀርባ ቆመው፣ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየተጎነበሱ ይጽፋሉ። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ሲጽፉ የኖሩ ስለሆኑ ተጫዋቾች ሲያዩዋቸው ማልያቸውን ያስተካክላሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ጨዋታው ሲያልቅ አሸናፊዎቹ ጋ አይሄዱም። አምበልም አሰልጣኝም አያነጋግሩም። ከተሸነፈው ቡድን አዲስ የገባውን ተጫዋች ይፈልጉና «ለምን ተሸነፋችሁ?» ይላሉ። መልሱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ተጋጣሚያችን ጠንካራ ነበር፤ ድክመታችንን አርመን በሚቀጥለው ጨዋታ እንክሳለን» ነው የሚባለው። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይህን ቀድመው ይነግሩታል። ለእኔ መንገሩን ማን እንደረሳው እስካሁን አላውቅም።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ነጥቤ አልመጣ ብሎ፣ ቦሌ እናቴ ጋ ተቀምጬ ነበር። የምንኖረው ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ተቀምጬ ነበር ስል ለወጉ ነው እንጂ መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ ምስማር አለ እንዴ?» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ወጥቼ የቀበሌው ሜዳ ላይ ከወንዶች ጋር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሰው በዚያ ሲያልፍ አየኝና ቆመ። ስለ ጨዋታዬ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ቁመትሽ ስንት ነው?» አለኝ።

«ተለክቼ አላውቅም።»

«ሰኞ ጉርድ ሾላ ነይ። እኛ እንለካሻለን።»

አሰልጣኙ እሱ ነበር። ጉርድ ሾላ ያለው ደግሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላ ከፋብሪካው አጥር ወዲያ ገብስ ነበር፤ ከገርጂ በኩል ላሞች መጥተው ከሜዳችን ዳር ይግጣሉ፣ አጥር የዘለለ ኳስ እበት ይዞ ይመለሳል። ለኩኝ፣ ረዘምኩ፣ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ እሰፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነው። የቅጥር ወረቀቴ ላይ ግን «ጊዜያዊ» ይላል። ቋሚ የሚያደርገኝ የስፖርት ኮሚቴው ነው። ቡድኑ ውስጥ እስካለሁ ፋብሪካው ውስጥ አለሁ፤ ከቡድኑ ከወጣሁ ቦሌ፣ የሰርቪሷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ነው። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፤ ከሥራው ይልቅ ያሳሰበኝ ጨዋታው ነበር። ቁልፍ የትም ይሰፋል።

አምበላችን ሠላሳን የዘለለች የልጆች እናት ናት። የቅድ ክፍል ኃላፊ፣ የፋብሪካው ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢም ነበረች። አጭር ናት፤ ኳስ ግን ከእጇ ጋር አብሮ የተሰፋ ይመስላል። በስሟ የሚጠራት የለም። ትልቅም ትንሽም «አምበል» ይላታል፣ አንቺም ይላታል፣ ግን አንቱ የሚባል ሰው ያህል ይፈራታል። አሰልጣኙ ራሱ «እስቲ አንድ ጊዜ ዕረፍት እንውሰድ?» ብሎ ወደ እሷ ያያል። እሷ ራሷን ከነቀነቀች ዕረፍት የለም።

ጉዱ የተፈጠረበት ጨዋታ ከቃሊቲ በኩል ከመጣ የፋብሪካ ቡድን ጋር ነበር። ከዕረፍት በኋላ ገባሁ። ከቅርጫቱ ሥር ቦታዬን ያዝኩ፤ እጄን አነሳሁ። ኳሱ አይመጣም። አምበሏ ታየኛለች፣ አንድ አፍታ ታስባለች፣ ከዚያ ለሌላ ትሰጣለች ወይም ራሷ ትወረውራለች። እንደገና እጄን አነሳለሁ። እንደገና ታየኝና ትተወኛለች። ሜዳው መሀል የቆምኩ የልብስ ማስጫ እንጨት መሰልኩ። ተሸነፍን።

ጎንበስ ብዬ የሸራ ጫማዬን ስፈታ ግራጫው ካፖርት ከፊቴ ቆመ።

«አዲሷ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ለምን ተሸነፋችሁ?»

«አምበላችን ኳስ አታቀብልም» አልኳቸው።

እርሳሳቸው ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ። አጠገቤ የነበረችው ተጫዋች ሳል ያዛት።

«ምን አልሽ?»

«ኳስ አታቀብልም። አሰልጣኙም ያያል፤ ግን ይፈራታል።»

«አንቺ ልጅ፣ እጽፈዋለሁ እኮ!»

«ጋዜጠኛ አይደሉ እንዴ? ካልጻፉት ለምን ጠየቁኝ?»

ጻፉት። ቅዳሜ ወጣ። «የሽንፈቱን ምክንያት ረጅሟ አዲስ ተጫዋች በአጭሩ ነገረችን። አምበላችን ኳስ አታቀብልም፣ አሰልጣኙም ይፈራታል አለች። ከዚህ ሜዳ ዳር ለብዙ ዓመታት ስንቆም እንዲህ ያለ መልስ ሰምተን አናውቅም። ምላሷ የእጇን ያህል ረጅም ነው፤ እጇ የምላሷን ያህል ይሠራ እንደሆነ ደግሞ ወደፊት እናያለን» ይላል።

እናቴ ወሬውን የሰማችው የቀበሌ ሱቅ ስኳር ልትወስድ ተሰልፋ ሳለ ነው። ባዶ ከረጢቷን እንደያዘች ገባች።

«ጋዜጣ ላይ ወጣሽ አሉ» አለችኝ።

«ስሜን አልጻፉትም።»

«ባይጽፉትስ? ረጅሟ ብለውሻል። ከቦሌ እስከ ገርጂ ሌላ ረጅም ሴት ማን አለች?»

«የተናገርኩት እውነት ነው፣ እማዬ።»

«እውነትማ ስኳር የለም ማለትም እውነት ነው። ሰልፉ ላይ ግን ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም፤ ሁላችንም ቆመን ዋልን።»

ሰኞ ፋብሪካ ስገባ ሰላምታው አጭር ሆነ። አምበሏ እንደ ወትሮዋ «እንደምን አደርሽ» አለችኝና አለፈች። ይህ ነው የባሰብኝ። ብትጮህብኝ እጮህ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ካድሬው መጣ። የፋብሪካው ካድሬ የስፖርት ኮሚቴውም ሊቀመንበር ነው፤ ኳስ ይወዳል፣ ግን ጨዋታ ሲያይ እንኳ ስብሰባ የሚመራ ይመስል እጁን አጣምሮ ነው። «ረቡዕ የቡድኑ ሂስና ግለሂስ ይካሄዳል። በዚያው የአዲሷ ተጫዋች ጉዳይ ታይቶ ትቆይ ወይም ትሰናበት የሚለው ይወሰናል» አለ። ከዚያ ሽሮውን ጨረሰ።

ሂስና ግለሂስን ያላየ ይኖር ይሆናል። እንደ መመሪያው ከሆነ ጓደኛህን ፊት ለፊት ትተቻለህ፤ ያ ሂስ ነው። ቀጥለህ ራስህን ትተቻለህ፤ ያ ግለሂስ ነው። ማንም ሳይቀየም፣ ሁሉም ታርሞ ይወጣል። እኛ ጋ ግን ሰው ሁሉ አንዲት ትንሽ ጥፋት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ «ንባብ ላይ እሰንፋለሁ» ይላል። ሌላዋ «ለጓዶቼ ፈገግታ አንሶኛል» ትላለች። «ሂሱን እቀበላለሁ»፣ ጭብጨባ፣ ወደ ቤት። ያቺ ሳል የያዛት ጓደኛዬ ቡድኑ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ያወጣችው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ «ሰዓት አላከብርም» ነው የምትለው። ከእሷ ቀድሞ ልምምድ የደረሰ ሰው ግን አልነበረም።

አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ ከኳስ ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ጠራኝ።

«ሰዓት አላከብርም በይና ቁጭ በይ» አለኝ።

«እሱ የእሷ አይደል እንዴ?»

«ለሁለት ይበቃል።»

«ሰዓት አከብራለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። በይ ነው ያልኩሽ፤ አታክብሪ አላልኩሽም።»

ስለ እሱ የተናገርኩት ትዝ አለኝ፤ ፊቱን አየሁት። አልተቆጣም።

«ባለቤቴም አንብባዋለች» አለ። «‘ለካ እኔን ብቻ አይደለም የምትፈራው’ አለችኝ።»

ማክሰኞ ሳይመሽ፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ ወደ መገናኛ የሚሄድ ውይይት ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ውይይት የምንለው ያችን ከኋላዋ ሸራ ለብሳ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ የተገጠመላትን ታክሲ ነው። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ስለሚሄድ ነው ስሙ የወጣላት። ቀና ስል ጉልበቴ የነካው ግራጫ ካፖርት ነው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ» አልኳቸው፣ ሰላም እንኳ ሳልል።

«ያላልሽውን ጻፍኩ?»

«ያልኩትን ነው የጻፉት።»

«ታዲያ?»

«ነገ ሂስ አለብኝ። ከቡድኑ ሊያስወጡኝ ነው።»

አጠገባቸው የሽንኩርት ቅርጫት ያቀፈች ሴትዮ ተቀምጣለች። «ምን አድርጋ ነው?» አለች፣ የምታውቀን ይመስል።

«እውነት ተናግራ» አሉ እሳቸው።

«ውይ! ገና በልጅነቷ!» አለች ሴትዮዋ። ታክሲው ሳቀ።

ሰውዬው ግን አልሳቁም። ካፖርታቸውን ሰበሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አየሽ» አሉኝ፣ «እኔ ዓምዴን የምጽፈው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው። ውጤቱን ብቻ ባዶ እተወዋለሁ። የተጫዋቹንም መልስ ቀድሜ እጽፈዋለሁ። ‘ድክመታችንን አርመን’ ይላል። ለዓመታት አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ያን ቀን በአንቺ ምክንያት ቁጭ ብዬ ሙሉውን እንደገና ጻፍኩት።»

«እና ጥፋቱ የእኔ ሆነ?»

«የለም። ደስ ብሎኝ ነው። አንቺ ላይ የሚመጣውን ሳላስብ የጻፍኩትም ደስ ስላለኝ ነው።» ወደ ውጭ አዩ። «ከፈለግሽ ተጸጽታለች ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

«አልተጸጸትኩም እኮ።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አይጻፉት።»

ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ሽንኩርቱ ተንከባለለ፤ ሁላችንም ስንለቅም እሳቸው ጎንበስ ባሉበት ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ለእሷ ነግረሻታል?»

«ለማን?»

«ለአምበሏ። ለእኔ ከመንገርሽ በፊት።»

የለቀምኩትን ሽንኩርት ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩ። የሽንኩርቷ ሴትዮ አተኩራ አየችኝና «አልነገረቻትም!» አለች ለታክሲው ሁሉ። «ረዳት፣ ወራጅ አለ!» አሉ እሳቸው፤ ወረዱ።

ረቡዕ ምሳ ቤቱ ጠረጴዛዎቹ ግድግዳ ተጠግተው፣ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ጠበቁን። ካድሬው መሀል ተቀመጠ። ቡድኑ በሙሉ አለ። አምበሏ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በሂሱ ተጀመረ። አንዷ ተነሥታ ጓዲት አዲሷ ተጫዋች ግለኝነት ታሳያለች አለች። ሌላዋ ተነሥታ የጋራ ጥረትን ዝቅ አድርጋ ታያለች አለች። ያቺ ጓደኛዬ ደግሞ ተነሣችና፣ የተጻፈላትን ይመስላል፣ «በጓዲት ላይ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ይታያል» አለች። ከዚያ አጠገቤ ስትቀመጥ በጆሮዬ «አፉ በይኝ» አለችኝ። «ንዑስ ከበርቴ ምን ማለት ነው?» አልኳት። «እኔ አውቄው!» አለች።

ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ። ስነሣ ሁልጊዜ ሰው ሁሉ ቀና ይላል፤ ያን ቀን ግን ቀና ሲሉ ደስ አላለኝም። እንደተመከርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ያልቅ ነበር።

«ሰዓት አላከብርም እንድል ተመክሬ ነበር» አልኩ።

ሳቅ ፈነዳ። አሰልጣኙ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ካድሬው የወንበሩን ጠርዝ መታ።

«ሰዓት ግን አከብራለሁ። ስለዚህ እሱን አልልም። የእኔ ግለሂስ ሌላ ነው። ለጋዜጣ ከመናገሬ በፊት ለአምበሏ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አሁን ልናገር።» ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «አምበል፣ ኳስ አታቀብይም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ውሃውን ዘጉት።

«ጓዲት!» አለ ካድሬው። «ይህ ግለሂስ አይደለም! ይህ የባሰ—»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይፈቀድልኝ» አለች አምበሏ። ተነሣች። ብትነሣም ከተቀመጡት ብዙ አትበልጥም። «አቀብላለሁ» አለችኝ። «ለሌሎቹ ሁሉ አቀብላለሁ። ለአንቺ ነው የማላቀብለው።»

«ለምን?»

«ዓይንሽን ስለምትጨፍኚ።»

«የምን ዓይን?»

«የምን ይሆናል? ያለሽን ዓይን ነዋ! ኳስ ወደ አንቺ ሲመጣ ግጥም አድርገሽ ትጨፍኛለሽ። መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን።»

እንድታፌዝ ጠበቅሁ፤ አላፌዘችም። ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው። ንዑስ ከበርቴ ያለችኝ ጓደኛዬ ቀስ ብላ፣ «ትጨፍናለች» አለች።

«ትንሽ ነው የምትጨፍነው» አለ አሰልጣኙ።

«ትንሽ?» አለች አምበሏ። ዞራ አየችው። ጣሪያውን ማየት ቀጠለ።

ያኔ ተናደድኩ። ከመጣሁ ጀምሮ በየሳምንቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ ስንተቻች ኖረናል። ስለ ፈገግታዬ ተነግሮኛል። ስለ ንባቤ ተነግሮኛል። አሁን ደግሞ ማንም ትርጉሙን የማያውቀው ዝንባሌ እንዳለኝ ተነገረኝ። ኳስ ተጫዋች ሆኜ፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኔን እንደምጨፍን ግን ሁሉም እያየ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ነኝ ያለች ተናጋሪ፣ የማይነገራት እሷ ሆና ተገኘች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«ሞራልሽ እንዳይነካ» አለ አሰልጣኙ።

«አንቺስ?» አልኳት አምበሏን።

«ልነግርሽ አስቤ ነበር» አለች። «ግን እኔ ማኅበር አለብኝ፣ ኃላፊነት አለብኝ። አዲስ ልጅ አስከፋች ይባላል። ደግሞ የምታውቂው መስሎኝ ነበር። ሰው የገዛ ዓይኑን መጨፈኑን እንዴት ያጣዋል?»

«አላምንም» አልኩ። «ኳስ ይምጣ።»

«ስብሰባ ላይ ነን!» አለ ካድሬው። ግን ወንበሮች መንጓጓት ጀምረዋል። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ ወጡ። ሜዳው ላይ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ነበር። አምበሏ ኳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አነጠረችና ከደረቷ ወረወረችልኝ። ዓይኔን አፍጥጬ እንደቆምኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ጧ! አፍንጫዬና ግንባሬ መሀል መታኝ።

«ጨፈንኩ?» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ።

«ጨፈንሽ!» አለ ሜዳው በአንድ ድምፅ።

ካድሬው እጁን ፈትቶ ነበር። «ጨፍነሻል» አለ እሱም። «እኔም አይቻለሁ።» ከስንት ስብሰባ በኋላ ሰውዬው ስለ እኔ የሰጠው እውነተኛ ሂስ ይህ ነበር። ስለዚህ አመንኩት።

ግን ካድሬ ካድሬ ነው፤ ውሳኔ ይፈልጋል። እዚያው ሜዳው መሀል ቆሞ «ትቆይ ወይስ ትሰናበት?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አምበሏን ያያል።

«በሚቀጥለው ጨዋታ አቀብላታለሁ» አለች። «ዓይኗን ከከፈተች ትቆያለች። ከጨፈነች ትሂድ። እንዲህ ሆና መጫወቷ ለእኛም ለእሷም አደጋ ነው፤ አንድ ቀን ጥርሷ ይረግፋል።» ወደ እኔ ዞረች። «ያስማማሻል?»

ከባድ ነበር። ግን የተነገረኝ ፊት ለፊት ነው። «ያስማማኛል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ እኔና እሷ እንቀራለን። አጥሩ ጋ አቁማ ትወረውርልኛለች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል። «ኳሱን አትይ» ትለኛለች። «ኳሱ ትልቅ ነው፣ ያስፈራሻል። ኳሱ ላይ ያለውን መስመር እይ። ስፌት ሠራተኛ አይደለሽ? ወዴት እንደሚዞር ንገሪኝ።» ኳሱ በአየር ላይ እያለ መስመሮቹ ወዴት እንደሚሽከረከሩ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። «ወደ ላይ!» እላለሁ። «ወደ ቀኝ!» እላለሁ። የጨፈነ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። አንዳንዴ ሳልጨፍን ያየሁ መስሎኝ በግምት «ወደ ግራ!» እላለሁ፤ ኳሱም ግንባሬን ይለኛል፣ እሷም «ውሸታም!» ትለኛለች። ከአጥሩ ወዲያ የሚግጡት ላሞች ቀና ብለው ያዩናል።

አንድ ቀን ኳሱን ይዛ ቆመች።

«እኔን ትፈሪኝ ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ!»

«ለምን ታዲያ ለጋዜጠኛው?»

«ስለጠየቁኝ። አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

አሰበችበት። «አሰልጣኙ ይፈራታል ያልሽው ግን ልክ ነው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ ወረወረችው። «ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ!»

ልክ ነበርኩ። ኳሱም እጄ ላይ ነበር።

የጨዋታው ዕለት ካድሬው ሜዳው ዳር ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ግራጫው ካፖርት ከቅርጫቱ ጀርባ ቆሟል። ስንሟሟቅ ኳስ ወደዚያ ተንከባሎብኝ ላነሣ ስሄድ ወረቀታቸውን አየሁት፤ ገና ባዶ ነበር። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «በርቺ» አሉኝ። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፤ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ተጀመረ፤ አሰልጣኙ አምበሏን አየ፣ አምበሏ በአገጯ ወደ ሜዳው ጠቆመችኝ፣ ገባሁ።

ከቅርጫቱ ሥር ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። አምበሏ አየችኝ። ያን ጊዜ እንዳደረገችው አንድ አፍታ አሰበች። ከዚያ ሰደደችው። በኃይል ነው፤ ለልጅ እንደሚሰጥ አልነበረም። ሽፋሽፍቶቼ ሊገጥሙ ሲሽቀዳደሙ ተሰማኝ፤ መቼም ሰውነት የለመደውን አይተውም። መስመሩን ፈለግሁ። አየሁት። ወደ ላይ ይዞራል፣ አንዱ መስመር ላይ የላም እበት ደርቆ ተለጥፏል፣ ከኋላው የአምበሏ እጅ ገና እንደተዘረጋ ነው። «ወደ ላይ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው እየሰማ። ያዝኩት።

መያዜ ስላስደሰተኝ ቆምኩ። «ወርውሪው እንጂ!» አለ ሰው ሁሉ። ወረወርኩት። ሰሌዳውን አልፎ ግራጫው ካፖርት አጠገብ ወደቀ።

«ተመለሺ! ተመለሺ! ያጠቁናል!» አለች አምበሏ። ሮጥኩ።

እንደገና አቀበለችኝ። እንደገና ያዝኩት። አንዱን አገባሁ፣ ሌላውን ሳትኩ፣ አንዱን ደግሞ ነጠቁኝ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ተሸንፈን ነበር፤ ግን በትንሽ ነው። ካድሬው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው መጣ። አምበሏ ጫማዋን አውልቃ እግሯ ላይ ውሃ ታፈስሳለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ፣ ኳሱ ያጠፈው ጣቴ አብጧል፣ የምትለውን እየጠበቅሁ ነው። እሷ ግን አትቸኩልም። አንዱን እግሯን ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች።

«እንግዲህ ጓዲት አምበል» አለ ካድሬው ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ምን ተብሎ ይወሰን?»

«ትቆያለች» አለች። «ዓይኗን ከፍታለች። አወራወሯ ግን አስቀያሚ ነው። እንዲህ ተደርጎ አይወረወርም፤ ድንጋይ የምትጥል ነው የምትመስለው።»

ካድሬው ጻፈ፤ ከዚያ እርሳሱን አቆመ። «አስቀያሚ የሚለው ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ?»

«አይግባ» አለች አምበሏ። «እሱን የነገርኩት ለእሷ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።